ብርድ ነው ያልነው ውጋት

እኔና ባለቤቴ ሞገስ አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ሥራ ምስር መልቀም ነው። እሱ አልጋ ላይ፣ እኔ በርጩማ ላይ፣ ሰፌዱ በመካከላችን። ድንጋዩን ትቶ ምስሩን ይጥል ነበር። «ተው እንጂ፣ ጥርሳችንን ልታስወልቀን ነው» ስለው፣ «የሰቆጣ ምስር ያለ ድንጋይ አይጣፍጥም» አለኝ።

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት በጥር መጨረሻ ነው። ለመጻፍ ወራት ፈጅቶብኛል። ብዙ ነገር ተረስቶኛል፤ አንዲት ቃል ግን ከጆሮዬ አልወጣ ብላለች። ቃሏ «ብርድ» ነች።

ሞገስ የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው፣ የስፖርት መምህር ነበር። ራስ ምታት እንኳ አያውቅም። በአክስቱ ልጅ ሠርግ ሲጨፍር ቁርጭምጭሚቱን ወለም አለው። የስፖርት መምህር ሜዳ ላይ ሳይሆን ድንኳን ውስጥ መውደቁ ለሰፈሩ የሳምንት ሳቅ ሆነ። ወጌሻው አያ ዋሴ መጥተው፣ «አጥንቱም ተነክቷል» ብለው እግሩን ጎተቱና በሸምበቆ ጠፍረው አሰሩት። «ሦስት ሳምንት ከአልጋ እንዳትወርድ!» አሉ።

ሞገስ ሲያመው በእናቱ ቋንቋ በኽምጣኛ፣ ሲሻለው በአማርኛ ነበር የሚናገረው። ያን ቀን ሙሉ ኽምጣኛ ሆነ። እኔ የላሊበላ ልጅ ስለሆንሁ ስድቡ ለማን እንደሆነ አልገባኝም፤ አያ ዋሴ ግን ገብቷቸው ይስቁ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት የዚያው እግር ባት አበጠ። ይሞቃል፣ ሲነኩት ያመዋል። ማሰሪያው የጠበቀ መስሎኝ ላላ አደረግሁትና ጧትና ማታ በቅቤ አሸሁለት። ደስ ይለው ነበር።

ምስሩን የለቀምን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጎኑን ውጋት ያዘው። ሲተነፍስ ይወጋዋል። አማቴ እማማ ለምለም ገና ከበር ሳይገቡ፣ «ብርድ ነው! ያንን መስኮት ማነው የከፈተው?» አሉ።

«እኔ ነኝ እማማ፤ ቤቱ ቢታፈንብን ነው።»

«እንግዲህ ልጄን አስመታሽው!»

መስኮቱ ተዘጋ፣ ጋቢ ተደረበ፣ ፌጦ ተወቀጠ። ሞገስ፣ «ከብርዱስ ብተርፍ በፌጦ ልትገድሉኝ ነው» አለ። በአማርኛ መቀለዱን ሰምቼ ቀላል ነው አልሁ። ትንሽ ቆይቶ ሲያስል ምራቁ ላይ ደም አየሁ። «ፌጦው ጉሮሮውን ልጦት ነው» ተባባልን። አንዴ ብርድ ከተባለ ሁሉም ነገር ብርድ ይሆናል።

በማግስቱ ጧት ወደ ደጅ ልውጣ ብሎ ተነሣ። በሩ ጋ ሳይደርስ ትንፋሽ አጠረው። ግድግዳውን ያዘና እናቱን በኽምጣኛ ተጣራ። ያኔ ደነገጥሁ። ባጃጅ ጠርተን ሆስፒታል ስንደርስ እጄን ይዞኝ ነበር። ቀን ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ዐረፈ።

ሐኪሟ በዕድሜ ከእኔ የምታንስ ናት። አጠገቤ ቁጭ ብላ ነገረችኝ። እግሩ ታስሮ ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ ባቱ ውስጥ ደም ረግቷል። የረጋው ተነቅሎ በደም ሥር ሄዶ ሳንባውን ዘግቶታል።

«ከእግር ተነሥቶ ሳንባ ድረስ?» አልኋት።

«አዎ፣ እህቴ። ጤነኛ ወጣትንም ይይዛል። ረጅም መንገድ ተቀምጦ የመጣን፣ ገና የወለደችን ሴትም ይይዛል። አንድ እግር ብቻ ሲያብጥ ቶሎ ከመጡ መድኃኒት አለው። ሁልጊዜ ያድናል ግን አልልሽም።»

የረጋውን የነቀለው በቅቤ ማሸቴ ይሆን ብዬ አልጠየቅኋትም። ማሸቴን ለሰው ስናገር ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ሐኪሟ ያለችውን ከነገርኋቸው ወዲህ እማማ ለምለም ስለ መስኮቱ አንሥተው አያውቁም። አብረን ነው የምንኖረው። እኔም መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ ከፍቻለሁ። ሱቅ ደግሞ ሰው ሕመሙን የሚያወራበት ቦታ ነው።

በቀደም አንድ መሪጌታ ሳሙና ሊገዙ መጥተው፣ «ብርድ መታኝ» ቢሉኝ፣ «እስቲ እግርዎን ያሳዩኝ» አልኋቸው።

«ልጄ፣ እኔን የመታኝ ጆሮዬን ነው!»

ቢሆንም አሳዩኝ። ሁለቱም ደኅና ነበሩ። አንዲት ጎረቤቴን ደግሞ እግሯ አብጦ ባየው እየጎተትሁ ሆስፒታል ወሰድኋት፤ እሾህ ሆኖ ተገኘ። «ለእሾህ ነው እንዴ ከሐኪም ፊት ያቆምሽኝ!» እያለች ዛሬም ታሾፍብኛለች። ታሹፍ።

ሐዘኑ አልቀለለኝም። አንዳንድ ቀን ግን አንድ ቀልዱ ትዝ ይለኝና ሰው ፊት ብቻዬን እስቃለሁ። አሁን ጧት ሱቄን እከፍታለሁ። ብርድ መታኝ የሚል ሲመጣ ሁለቱንም እግሮቹን አያለሁ፤ አንዱ ካበጠ ሱቁን ዘግቼ ሆስፒታል አብሬው እሄዳለሁ።