ዓይኔን የጠበቅሁበት ሜዳ

የያዙኝ ደባርቅ ገበያ ላይ ነው፣ ገብስ ስሸጥ። ልጄ ጎንደር ይማር ነበር። ወረቀት በትኗል አሉ፤ እሱን ሲያጡት እኔን ወሰዱኝ። ያስገቡኝ ክፍል ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። መስኮት የለውም። በበሩ ስንጥቅ ጣት የምታህል ብርሃን ትገባለች፤ እሷም ከቀትር በኋላ ትሄዳለች።

ውስጥ አንዲት አሮጊት አገኘሁ። በእርሻ ድንበር ተጣልተው ጎረቤታቸውን በዱላ የመቱ ናቸው። «ነይ እቴ፣ ወዲህ ቁጭ በይ፤ ወዲያ ያፈሳል» አሉኝ።

ልጄ የት እንዳለ አውቃለሁ። ሊማሊሞ ገደሉ ሥር፣ ወንድሜ ቤት ነው። የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ፣ አንድ የመቶ አለቃ፣ በየቀኑ እያስጠራ ይጠይቀኛል፤ አላውቅም እላለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ራሴ ይዞር ጀመር። እህል አልወርድልኝ አለ። ሳላውቀው ለብቻዬ አወራለሁ። አንድ ቀን አሮጊቷ ጠጋ ብለው፣

«አፍሽን ያዥ። ወንድሜ ቤት፣ ወንድሜ ቤት ትያለሽ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ የፈራሁት የመቶ አለቃውን አይደለም፤ የገዛ አፌን ነው። አሮጊቷ ነፋስ ካልመታሽ ይህ አይለቅሽም አሉ። ጭንቅ የያዘው ሰው ሜዳ ላይ ሲውል እንደሚሻለው እኔም ከእናቴ ሰምቼ ነበር። ትንሽ እንዲያወጣኝ ዘበኛውን ለመንሁት።

በማግስቱ የመጣው የመቶ አለቃው ራሱ ነው። እስከዚያ ቀን አንቺ ሲለኝ የኖረ ሰው፣ «አመመዎት አሉ፤ ይምጡ እስቲ፣ ትንሽ ይናፈሱ» አለኝ። አንቱ ማለቱ የባሰ አስፈራኝ።

ከጣቢያው ጀርባ ካለው ሜዳ አወጣኝ። ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ፤ ብርዱ ደረቴ ድረስ ገባ። እሱ ከጎኔ ቆሞ ሜዳውን አያይም፤ ዓይኔን ያያል። ያኔ ገባኝ። እናት ሜዳ ላይ ከለቀቋት ወዴት ታያለች?

አንገቴ ወደ ሊማሊሞ ሊዞር ሲል ቶሎ ተቀመጥሁ። መሬት መሬቱን አየሁ። ጦስኝ በቅሎበታል፤ በጣቴ አሽቼ አሸተትሁት። አንዲት ጉንዳን ሣር እየጎተተች ድንጋይ ትዞራለች፤ ከዓይኔ እስክትጠፋ ተከተልኋት። ራሴ ቀስ እያለ ተመለሰልኝ።

«ምን ያያሉ?» አለኝ።

«ጉንዳን» አልሁ።

ያን ቀን እህል ቀመስሁ። ለብቻዬም አላወራሁም።

በነጋታው ደግሞ መጥቶ ይውጡ አለኝ። መውጣቱ እንደ ውኃ ጠምቶኛል። ግን አንገቴን ሁለተኛ አላምነውም።

«እኔስ ደኅና ነኝ። በእኔ ፈንታ እሳቸውን ያውጡልኝ፤ ሁለት ወር ፀሐይ አላዩም» አልሁት።

አሮጊቷ መልሱን ሳይጠብቁ ተነሥተው ነጠላቸውን አጣፉ።

«ክንድህን አምጣ ልጄ። እኔ እንደሆነ የምደብቀው ጉልበቴን ብቻ ነው» አሉት።

ዘበኛው ሳቀ። የመቶ አለቃው በሰው ፊት እንቢ ማለት አፈረና ክንዱን ሰጣቸው።

ከዚያ በኋላ ይውጡ አላለኝም። በወሩ ለቀቁኝ። ልጄን አላገኙትም።

ዛሬ ጤና ጣቢያ ስሄድ፣ ለጭንቀቱ ወጣ እያሉ ይናፈሱ ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። እወጣለሁ፤ ይሻለኛልም። ልጄ የልጆች አባት ሆኖ እዚሁ አጠገቤ ይኖራል። ያም ሆኖ ሜዳ ስወጣ መጀመሪያ የማየው እግሬ ሥር ነው። ቀና የምለው ቆይቼ ነው።