መርፌዋ የተኛች ቀን

የታናሽ ወንድሜ ሥራ ፋብሪካ ውስጥ የማርሽ ዘይት መፈተሽ ነበር። ማርሽ ስል ጥርስ ያለውን፣ እየተናከሰ የሚዞረውን ብረት ማለቴ ነው። ትምህርቴ ትንሽ ስለሆነ ነገሩን እስክረዳው ድረስ ብዙ አድክሜዋለሁ፤ እሱ ግን ለእኔ ማስረዳት አይሰለቸውም።

"እትዬ፣ ሁለት እርጥብ ሳህን ስትደራርቢ ይንሸራተትብሽ የለ? በመሃል ውሃ ስላለ ነው። የማርሽ ጥርሶችም በመሃላቸው ዘይት ካለ ሳይነካኩ ይተላለፋሉ። ዘይት ኮረንቲ አያሳልፍም፤ ብረት ግን ያሳልፋል። ስለዚህ ትንሽ ኮረንቲ በማርሾቹ በኩል እልካለሁ። ጥርስ ጥርስን ከነካ የመለኪያው መርፌ ትዘላለች። ዘይቱ ጥሩ ሆኖ ከለያያቸው ትተኛለች።"

"እንግዲያው ሥራህ መርፌ ማስተኛት ነው በለኛ!" አልኩት። ሳቀብኝ።

አንድ ቀን ምሳ ላደርስለት ሄጄ ክፍሉን አይቻታለሁ። ጠባብ ናት፤ ግድግዳዋ እስከ ወገብ አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ ነጭ። በመሃል ማርሾቹ የሚዞሩበት የብረት ሣጥን ተቀምጧል። ከጎኑ ከሚወጡት ሽቦዎች አንዱ ጫፉ ላይ ካርቦን የሚሉት ጥቁር ቁራጭ አለው፤ እሱ የሚዞረው ዘንግ ላይ ተደግፎ ኮረንቲውን ያቀብላል። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ሲያይ የበሽተኛ ደረት የሚያዳምጥ ስለሚመስል "ሐኪሙ" ይሉታል።

ሐኪሙ ሁልጊዜ ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት የሚያያት ነገር ነበረች። ማርሾቹ ቆመው ሳለ ጥርስ በጥርስ ላይ ስለሚያርፍ መርፌዋ መነሳት አለባት። ካልተነሳች ሽቦው አንድ ቦታ ተቋርጧል ማለት ነው።

ጓደኛው የፋብሪካውን ክሬን ከሥሩ ቆሞ የሚያንቀሳቅስ ሰው ነበር። ቀኑን ሙሉ "አንሳው! አንሳው!" እየተባለ ስለሚጮህበት ስሙ አንሳው ሆኖ ቀረ። አብሮ አደጎች ናቸው፤ አንዱ ቤት ሌላው ሳያንኳኳ ይገባል። የክሬኑ አሮጌ ዘይት ወጥቶ ሥራ ቆሞ ስለነበር፣ አዲሱ ዘይት ቶሎ እንዲፈተሽለት አንድ ጠዋት መጥቶ የመፈተሻ ክፍሉ በር ላይ ተገተረ።

"ሐኪሙ፣ በሽተኛህን ቶሎ መርምር እንጂ! አለቃው ሊበላኝ ነው።"

"ቆይ፣ መጀመሪያ መርፌዋን ልያት።"

"ትናንት አይተሃት ዛሬ ናፈቀችህ? አስነሳው ባክህ!"

ወንድሜ እየሳቀ ሞተሩን አስነሳ። መርፌዋ ቀኑን ሙሉ ተኛች። ማታ ቤት ሲገባ "እትዬ፣ እንዲህ ያለ ዘይት አይቼ አላውቅም" አለኝ።

ወር ሳይሞላ ያ ዘይት የገባበት የክሬኑ ማርሽ ጥርሶቹ ተፍቀው ተሰበሩ፤ ተንጠልጥሎ የነበረው ብረት የአንሳው እግር ላይ ወረደ። ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ከዚያ ወዲህ ሌላ የሚፈተሽ ዘይት አልመጣም ነበር፤ ወንድሜ ወደ ክፍሉ ሮጦ ሲያይ ካርቦኑ አልቆ ዘንጉን አይነካም። መርፌዋ የተኛችው ዘይቱ ጥሩ ሆኖ ሳይሆን ኮረንቲው የትም ስላልደረሰ ነው። ራሱ ሄዶ ለአለቃው ተናገረ።

ሆስፒታል አብሬው ሄድኩ። አልጋው አጠገብ ቆሞ ሁሉንም ነገረው። አንሳው ጣራ ጣራውን አየና፣ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እኛ ደግሞ የምንለቅመውም የለን። ያጣደፍኩህ እኔ ነኝ። ይቅር ብዬሃለሁ ወንድሜ። በል አሁን ትራሱን ከፍ አድርግልኝ" አለው።

ወንድሜ ግን አላመነውም። አንሳው ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ከገባ በኋላ፣ ወንድሜ ከሥራ ሲወጣ በየቀኑ እዚያ ነው። ምርኩዝ ያቀብላል፣ ውሃ ይቀዳል። አንሳው ዝም ካለ "ተቀይመኸኛል?" ይላል። ከሳቀ "ከአንገት በላይ ነው አይደል?" ይላል። "ኧረ በፍጹም!" ሲባል ጥቂት ያርፍና ደግሞ ይጠይቃል። ሥራ ቦታም እንዲሁ ሆነ፤ ሽቦ ሲነካካ ይውላል እንጂ ሞተሩን ማስነሳት አቃተው። ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወሩት።

አንድ ቀን አብሬው ሄጄ ሳለ አንሳው ያችን አንድ ካልሲውን ለማጥለቅ ይታገላል። ወንድሜ ሊያግዘው ጎንበስ አለና፣ "ዛሬስ ከልብህ ነው?" አለው።

አንሳው ካልሲውን ወረወረ።

"ስማኝ! እግሬን ብረት ወሰደው፣ ለምጄዋለሁ። አንተ ግን በመጣህ ቁጥር እንደገና ትቆርጠዋለህ። አልጠላሁህም፤ ደከመኝ። በቃ አትምጣ።" ወደ እኔ ዞረ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። "እትዬ፣ ይውሰዱልኝ እባክዎ።"

ይቅርታውን ያላመነ ወንድሜ ይህን ወዲያው አመነ። ቆቡን አንስቶ ወጣ፤ ዳግመኛ እዚያ ቤት አልሄደም።

አንሳውን አንዳንዴ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አገኘዋለሁ። ምርኩዙን ተደግፎ "ሐኪሙ ደህና ነው? ናፍቆኛል በይልኝ" ይላል፤ አንዳንዴ አንቱታውን ይረሳዋል። መልእክቱን ለወንድሜ አደርሳለሁ።

"ይሉኝታ ይዞት ነው፣ እትዬ" ይለኝና ፊቱን ሊታጠብ ይሄዳል።