ስም ሳይወጣለት

ትናንት ሰርግ ላይ አንዱ አረቄ ቀድቶ አፍንጫዬ ሥር ሲያስጠጋው ምራቄ ጎረፈ፤ አፌን በነጠላዬ አፍኜ ወጣሁ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ መካነ ሰላም ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። የባዮሎጂ አስተማሪያችን ነፍሳት ሊያስለቅመን ደንቆሮ የሚባል ጫካ ወሰደን። መንገድ መሪያችን የገበሬ ማኅበሩ የሰጠን ሽማግሌ፣ አባ ሞላ ነበሩ። ከበሰበሰ የኮሶ ግንድ ሥር አንድ ነገር ተንፏቆ ወጣ፤ ሆዱ እንደ በሰለ እባጭ የተወጠረ፣ እግሩ የማያልቅ፣ ሲነኩት ቢጫ መግል የሚተፋ። አስተማሪያችን መጽሐፉን ሦስት ጊዜ አገላብጦ፣ «ይኼ የለም! አዲስ ነው፤ ስም እናወጣለታለን!» ብሎ ጮኸ። እንዳይበሰብስ ለዚሁ ብሎ በጥቁር ጠርሙስ ባመጣው አረቄ ውስጥ ከተተውና ጠርሙሱን ለእኔ አስያዘኝ። አባ ሞላ ፊት ፊት እየሄዱ ስለነበር ይህን አላዩም።

ስንመለስ ዝናብ ደበደበን። አባ ሞላ እየተንቀጠቀጡ፣ «የያዝሽው ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ።

«አረቄ ነው።»

እጃቸውን ዘረጉ። ትልቅ ሰው እጁን ዘርግቶ እንዴት እምቢ ይባላል? በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ውስጡ ያለውን ልነግራቸው አፌን ስከፍት ቀና ብለው ጨለጡት። ጥርሳቸው መሃል አንድ ነገር ቀጭ አለ። አላመጡት፤ ዋጡት። ፊቴን አይተው፣ «አብሽሪ ልጄ፣ ጉድፍ ነው» አሉኝ። ጢማቸው ላይ አንድ እግር ተንጠልጥሏል።

ለአስተማሪያችን ጠርሙሱ ተሰበረ አልኩት።

አባ ሞላ ግን እስኪሞቱ ድረስ ባገኙኝ ቁጥር ይጠይቁኝ ነበር፤ «ያቺን አረቄ ማን ነበር ያወጣት? እንዲያ ያለ ጣዕም ዳግመኛ አላገኘሁም።»