ለካድሬው እጅ ስነሳ

በደርግ ጊዜ ደባርቅ እህል መጋዘን ውስጥ ተሸካሚ ነበርኩ። አንድ ቀን ጉልበቴን ሳላጥፍ፣ በወገቤ ብቻ ጎንበስ ብዬ የገብስ ኩንታል ለብቻዬ ላነሳ ስታገል ወገቤ ተያዘና እንደጎበጥኩ ቀረሁ። በዚህ መሃል ከጎንደር የመጣ ካድሬ ገባ።

«ጓድ፣ እጅ መንሳት የቀረ የፊውዳል ልማድ ነው! ቀና በል!»

«ጌታዬ፣ ወገቤን...»

«ጭራሽ ጌታዬ ይለኛል!» ብሎ ትከሻዬን ይዞ ወደ ላይ መነጨቀኝ።

ወገቤ ቋ! አለ። አለቀልኝ ብዬ ጮህኩ። ከዚያ ቀስ ብዬ ስሞክረው ቀጥ ብዬ ቆሜያለሁ፤ ሕመሙም የለም።

«ዳንኩ!» ብዬ እየዘለልኩ አቀፍኩት።

ካድሬው ግራ ገብቶት ዘወር ሲል፣ ወገባቸውን የሚያማቸው ጓደኞቼ በሙሉ ተራ ይዘው፣ እጅ እንደነሱ ይጠብቁታል።