የዳማ ምሳ

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴም ቢሆን አልነገርኩም፤ ፊታቸው ቆሜ ትንንሾቹን በደሎቼን በተራ ስዘረዝር ይህንን ዘልዬዋለሁ። ረስቼው አይደለም። አንዲት እናት በእኔ ቃል ከገዛ ቤታቸው ወጥተዋል፤ መነሻውም ውሻ ነው። ስትሰሙት የሚያስቅ ይመስላል። እኔም መጀመሪያ ሰሞን በዚያ ተጽናንቼ ነበር።

አስተማሪ ነኝ። ኖርዝ ዮርክ ውስጥ አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ የምኖረው ግን ዌስተን ነው። ነገር ማስረዳት ስለምወድ ስለ ውሻው አስቀድሜ ላስረዳችሁ። ዳማ ግሬይሃውንድ ነው፤ ለሩጫ ውድድር የሚራባው፣ እግሩ ረጅም፣ ወገቡ ቀጭን የሆነው ዘር። ስሙን ያወጣሁለት በመልኩ ነው። የወሰድኩት ከውድድር ጡረታ ሲወጣ ነው። እነዚህ ውሾች ገላቸው ላይ ስብ የለም፤ በክረምት ካፖርት ካልለበሱ ይንቀጠቀጣሉ። ቆዳቸው ስስ ነው፤ ሌላ ውሻ የማይሰማው ቁጥቋጦ እነሱን ይቀድዳቸዋል። ጥርሳቸው ቶሎ ይበላሻል። ይህን ሁሉ አንብቤ አውቅ ነበር። ልብ በሉልኝ፣ አውቅ ነበር።

እማማ ትርንጎ በእኛው ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል የወጡ፣ አንድ ልጃቸውን ሶስናን ቢሮ እያጸዱ ያሳደጉ ሴት ናቸው። መጀመሪያ ያወራነው ኤሌቬተር ውስጥ ነው። ዳማን ከላይ እስከ ታች አዩትና፣

"አንተ፣ ይሄ ፈረስ ነው ውሻ?" አሉኝ።

"ውሻ ነው እማማ።"

"ታዲያ ምነው አታበላው? የጎድን አጥንቱ እኮ ይቆጠራል!"

"ጤነኛው እንደዚህ ነው።"

"እሱ ነው የነገረህ?"

በሳምንቱ የቤቴን ቁልፍ ሰጠኋቸው። እኔ ትምህርት ቤት ስውል እሳቸው ቀትር ላይ ወደ እኔ ቤት ወጥተው ምሳውን ይሰጡታል፣ ካፖርቱን አልብሰው አንድ ዙር ያዞሩታል። ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ያመኛል ብለው ራሳቸው ያመጡት ሐሳብ ነው። ሶስና ከከተማው ሌላ ጫፍ ስካርቦሮ ወዳለው ቤቷ እንዲገቡ ለዓመታት ለምናቸው ነበር። መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "ልቤ የሳተ ቀን ትወስጂኛለሽ። እስከዚያ ቁልፌን ከኪሴ አላወጣም።" ሶስናም በዚህ ተስማምታ ነበር። ይህን ስምምነት አውቅ ነበር። ይህንንም ልብ በሉልኝ።

ሁዳዴ ገባ። በሁለተኛው ሳምንት ዳማ ከሳ። ጠዋት የማቀርብለትን ምግብ አሽትቶ ይተወዋል፤ ማታም እንደዚያው። የፊት ግራ እግሩን ማንከስ ጀመረ። አንድ ቀን ደግሞ ጭኑ ላይ የጣት ርዝመት ያለው ጭረት አገኘሁ። እኔም መጠርጠር ጀመርኩ።

ጥርጣሬ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳችሁ፤ ተለማምጄዋለሁና። መጀመሪያ መልሱን ትይዛለህ፤ ከዚያ ጥያቄውን ትፈልግለታለህ። እማማ ትርንጎ ጾመኛ ናቸው፤ የውሻው ምግብ ሥጋ አለበት፤ ስለዚህ በጾም አይነኩትም፣ ስለዚህ አያበሉትም። ዳማን ይዘው ቤታቸው ሲገቡ የእመቤታችን ሥዕል ያለበትን መኝታ ቤታቸውን እንዳይገባ ይዘጉበታል፤ ስለዚህ ይጸየፉታል። የሚጸየፍ ሰው ይማታል። እንዲህ እየቀጠልኩ ሄድኩ። ያገር ልጅ ስለሆንኩ እንዲህ ዓይነቱን እናት አውቃለሁ ብዬ አሰብኩ፤ ጎረቤቴ ፈረንጅ ብትሆን ኖሮ ይህ ሁሉ በልቤ ባልመጣም ነበር።

ደብተር አወጣሁ። ቀን፣ የተበላ፣ ያልተበላ፣ ማንከስ፣ ቁስል ብዬ ሠንጠረዥ አሰመርኩ። በምግቡ ከረጢት ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ፤ ከረጢቱ ከወትሮው በዝግታ ሲጎድል አየሁና በቀይ ጻፍኩት። ለእሳቸውም ፈተና አዘጋጀሁ። ሰኞ የጠየቅኳቸውን ረቡዕ ቃሉን ለውጬ እጠይቃቸዋለሁ። አንድ ጊዜ የማክሰኞን ዝናብ ሰኞ ነው የዘነበው አሉ። ያንንም ጻፍኩ። የሰማንያ ዓመት እናት ነበሩ፤ እኔ ራሴ ያን ዝናብ ያስታወስኩት ደብተሬን አይቼ ነው።

ነገሩን ደግሞ ነግረውኛል። ይህ ነው የሚያቃጥለኝ። "ልጄ፣ ይሄ ውሻ ጥርሱን ያመዋል መሰለኝ፤ ባንድ ጎኑ ነው የሚያኝከው። በሙቅ ውሃ እያራስኩ ነው የምሰጠው" አሉኝ። ሌላ ቀን ደግሞ "መዳፉ ሥር ጠጠር የመሰለ ነገር አለ፣ እስቲ እየው" አሉኝ። እኔ ምን አደረግሁ? ደብተሬ ላይ "ሰበብ" ብዬ ጻፍኩ። እግሩን አየሁ፤ ግን የምፈልገው የዱላ ምልክት ስለነበር ዓይኔ ከእግሩ አልፎ መዳፉ ሥር አልደረሰም።

ሐኪም ዘንድ መሄድ ነበረብኝ። ወይ ደግሞ ሁለተኛ ፎቅ ወርጄ በሩን ማንኳኳት። እኔ ግን ለሶስና ደወልኩ። ከወላጆች ጋር ስነጋገር በምጠቀምበት ድምፅ ነበር ያናገርኳት፤ አስቀድሜ አመሰገንኩ፣ ከዚያ "ትንሽ ያሳሰበኝ ነገር አለ" አልኩ። ምግቡን የሚረሱ ይመስለኛል አልኩ። ቀን ያምታታሉ አልኩ። ምናልባት ሲናደዱ ይመቱት ይሆናል አልኩ። "ምናልባት" ማለቴን እንደ ጨዋነት ቆጥሬው ነበር።

ሶስና፣ "ኦ ማይ ጋድ፣ ናቲ። እኔም እኮ እየፈራሁ ነበር። ማሚ እንደሆነች አታምንልኝም፤ ፕሩፍ ያስፈልገኛል። የጻፍከው ነገር ካለ ሴንድ አድርግልኝ" አለች።

ገጾቹን ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። ሠንጠረዡ ያምር ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ቅዳሜ ቀን ዕቃቸው ወረደ። ሊሰናበቱኝ ወደ ላይ መጡ። አላለቀሱም። የቤቴን ቁልፍ መዳፌ ላይ አስቀምጠው፣ "ልቤ ስቷል ብለውኛል፤ እንግዲህ ቃሌ ቃል ነው፣ እሄዳለሁ" አሉ። ከዚያ ዳማን ጉንጩን ይዘው፣ "ጥርሱን አሳይለት፣ እሺ?" አሉኝ። እሺ አልኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት አሳየሁለት፤ ያሳየሁለትም ለቃሌ ብዬ ሳይሆን ጭራሽ መብላት ስላቆመ ነው። ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ናት። አፉን ከፈተች፤ የኋላ ጥርሱ እስከ ሥሩ ተሰንጥቆ ድዱ መግል ይዟል። መዳፉን ገለበጠች፤ ሥሩ ላይ የደደረ ቆዳ፣ ከውስጥ እንደ ጠጠር የሚቆረቁር። በዚህ ዘር ላይ የተለመደ ነው አለች። የጭኑን ጭረት አይታ ቁጥቋጦ ነው አለች። ከዚያ እስካሁን ምን እየበላ እንደቆየ ጠየቀችኝ። ቀትር ላይ በሙቅ ውሃ የራሰ ምግብ ይሰጠው ነበር አልኳት።

"ማን ነው እንዲህ ያሰበለት? ያ ባይሆን ኖሮ ከዚህም በባሰ ነበር" አለች።

"እኔ" አልኩ።

አንድ ቃል ናት። ማንም አላስገደደኝም። እሳቸው የነበራቸውን ቤት ወስጄ ሳበቃ የሠሩትንም ሥራ ወሰድኩ። ከረጢቱ በዝግታ የጎደለው እሳቸው ስላላበሉት አልነበረም፤ እኔ ጠዋትና ማታ በደረቁ የማቀርበውን መብላት ስላልቻለ ነው። ውሻዬ በሚገባ የሚበላው ከእሳቸው እጅ ብቻ ነበር። ሠንጠረዡን በትክክል ለሚያነብ ሰው ይህ በግልጽ ተጽፎ ነበር። የጻፍኩት እኔ፣ ማንበብ ያልቻልኩትም እኔ።

ለሶስና መልእክት ጻፍኩ፤ አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩ፤ አጠፋሁት። በሰኔ ቤታቸው ለሌላ ሰው ተከራየ፤ አሁን መናገር ምን ይጠቅማል አልኩ። እንደዚያ ማለት እንዴት እንዳሳረፈኝ ብነግራችሁ ታፍሩብኛላችሁ።

በመስከረም ልጠይቃቸው ስካርቦሮ ሄድኩ። ዳማን ይዤ ነበር። የሶስና ቤት ሰፊ ነው፤ እማማ ትርንጎ መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል። ዳማ እንዳያቸው ሄዶ ሙሉ ክብደቱን ጉልበታቸው ላይ ጣለ፤ ግሬይሃውንድ የወደደው ሰው ላይ እንዲህ ይደገፋል። ራሱን ዳበሱት። አብረን በቆየንበት ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ "ሶሲ፣ መድኃኒቴን ወስጃለሁ?" ብለው ጠየቁ። አስቀድመው ወስደው ነበር፤ ሲወስዱም አይቻቸዋለሁ። ዌስተን እያሉ እንዲህ ብለው ጠይቀው አያውቁም። የሚጠይቁት ስለረሱ እንዳልሆነ ገባኝ፤ ትዝታቸውን ማመን ትተው ነው።

ሶስና ወደ ኩሽና ስትገባ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ይቅር በለኝ። ይሄን ምስኪን አስርቤው ነበር አሉኝ። እኔ ግን የማስታውሰው እንዳበላሁት ነው። ሥጋው እንዳይነካኝ ፌስታል በእጄ አጥልቄ፣ ውሃውን ሞቅ አድርጌ፣ በጣቴ እያላምኩ... ይሄው አሁንም ይታየኛል። ግን ሕልም ይሆናል እንግዲህ። እናንተ ተምራችኋል፣ ጽፋችሁ ይዛችኋል። ይቅር በለኝ።"

ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ነበር። "ሕልም አይደለም" ብል ይበቃ ነበር። ሶስና እዚያው ግድግዳው ማዶ ሳህን ታቀርባለች። ልናገር አፌን ከፍቻለሁ፤ ከፍቼ ያልኩት ግን ይህ ነው፦

"ይቅር ብያለሁ፣ እማማ። ምንም አይደል።"

እጄን ሳሙ።

እነሆ ተናገርኩ። ግን ራሴንም እጠረጥራለሁ፤ እሳቸው ይህን እንደማያነቡ አውቄ እናንተን መምረጤ ያው የለመድኩት ሥራ እንዳይሆን። ስለዚህ ይቅርታ አትስጡኝ። ሊሰጡኝ የሚችሉት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ እስከ ዛሬ በዳይዋ እኔ ነኝ ብለው ተቀምጠዋል።