የጣሪያው አንቴና

ጎረቤት ሁሉ እትዬ የሚላቸው ልብስ ሰፊ፣ ባላቸው የአልጋ ቁራኛ ከሆኑ ወዲህ ነው ጣሪያው ላይ አንቴና ያሰቀሉት። በነፃ የሚተላለፈው ኳስ የሰውዬው ብቸኛ ደስታ ነበር። አንድ ቀን ጨዋታው መሀል ምስሉ ድርግም አለ። እትዬ ደረጃውን ወጥተው ቢያዩ፣ የሕንፃው ተቆጣጣሪ አንቴናውን ነቅሎ ይዞታል።

“የሕንፃውን መልክ ያበላሻል። ደግሞስ በዚህ ዘመን በአንቴና የሚያይ ማን አለ?” አላቸው።

“እኛ አለን! አየሩንም የግልህ አደረግኸው? በሽተኛ ላይ ስትጨክን ትንሽ አታፍርም?” ብለው ከእጁ መነጨቁት።

ወርደው የመስኮታቸው ብረት ላይ በጨርቅ ቁራጭ ጠፍረው አሰሩት። ምስሉ እየተንቀጠቀጠ መጣ።

“ስንት ለስንት ናቸው?” አሉ ባላቸው።

“እኔ እንጃ! ያንን ይሉኝታ ቢስ ልክ ልኩን በደንብ ሳልነግረው መመለሴ ነው የሚያንገበግበኝ።”