እማዬ እንግዳ የሆነች ጊዜ

እናቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሆቴል አልጋ አንጥፋለች፤ አንድም ቀን ግን ተኝታበት አታውቅም። ጡረታ በወጣች በሁለተኛው ወር ታላቅ እህቴ ተነስታ «እማዬን ውጭ አገር ወስደን እናስጎበኛታለን። ሆቴል ታርፋለች፣ እስቲ አንዴ ደግሞ ሌላ ሰው ያንጥፍላት» አለች። እህቴ በቤታችን «አዛዧ» ነው ስሟ። አዛዧ አለች ማለት አለቀ። የአምስቱን ቀን ጉብኝት በሰዓት ከፋፍላ፣ ወረቀት ላይ አሳትማ ለየእጃችን አደለችን። እዚያ ላይ ያልሰፈረው ሽንት ቤት የምንሄድበት ሰዓት ብቻ ነበር።

ጉብኝቱ መቼም አይረሳኝም። ረጅሙ ማማ ላይ ወጥተን ሰው ሁሉ ከተማውን ቁልቁል ሲያይ፣ እማዬ መስታወቱን በጣቷ ነካ አድርጋ «ይሄ በጋዜጣ አልተወለወለም» አለች። በጥንቱ ቤተ መንግሥት ደግሞ አስጎብኚው ስለ ንግሥቲቱ አልጋ ወግ ሲጠርቅ፣ አንገቷን አስግጋ አየችና «ይሄን ለብቻ ማንጠፍ ወገብ ይቆርጣል» ብላ ከንፈሯን መጠጠች። ንግሥቲቱን ረስታ ለገረዷ ነበር ያዘነችው።

ጣጣው ጠዋት ጠዋት ነው። እማዬና አዛዧ አንድ ክፍል ይዘዋል፣ እኔ ከጎናቸው ነኝ። አዛዧ ታጥባ ስትወጣ ሁለቱም አልጋ ተነጥፎ፣ ፎጣው ታጥፎ ታገኛለች። እማዬ ቀጥላ ገብታ መታጠቢያ ቤቱን ትፈትጋለች።

«እማዬ፣ ለዚህ ነው ባሕር የተሻገርነው?»

«ምን ላድርግ የኔ ልጅ፣ እጄ አልቀመጥ አለኝ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ በይኝ።»

«ክፍሉን የምታጸዳዋ ሴትዮ ሥራ ነው እኮ!»

«እሱንማ ማን እንደኔ ያውቃል? ትንሽ ወገቧን ታሳርፍ።»

አዛዧ ብትቆጣ፣ ብትለምን፣ እማዬ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። የጽዳት ሠራተኛዋ፣ በእማዬ ዕድሜ ያለች ቀጭን ሴት፣ ኮሪደር ላይ ስታገኘን እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ለእማዬ ፈገግ ትላለች። እማዬም ጎንበስ ብላ ትመልሳለች። አንድ ቃል አይግባቡም፤ ቢሆንም እኔና አዛዧ በአንድ ቋንቋ ከምንግባባው ይሻላሉ።

የመመለሻችን ቀን ደረሰ። ታክሲው ታች ቆሞ፣ ሻንጣችንን ይዘን ሊፍት ስንጠብቅ ከእማዬ ክፍል ቁጣ ተሰማ። በሩ ክፍት ነው። ተቆጣጣሪዋ የእማዬን አልጋ ገልጣዋለች። በመጀመሪያው ማታ እማዬ ሻይ ደፍታበት በሳሙና ያሸችው አንሶላ ምልክቱ አልለቀቀም። ተቆጣጣሪዋ በአንድ እጇ አንሶላውን፣ በሌላው ፊርማ ያለበት ወረቀት ይዛ ታምባርቃለች። ሠራተኛዋ እጆቿን ሽርጧ ላይ አጣምራ መሬት መሬቱን ታያለች።

የውጭ ቋንቋ ትንሽ ትንሽ የምትሞክረው አዛዧ ነች። ቆም ብላ አዳመጠችና ፊቷ ተለወጠ። እዚህ ሆቴል አንሶላ የሚቀየረው በየሁለት ቀኑ ነው። ሴትዮዋ ግን በሩን በከፈተች ቁጥር ጥብቅ ተደርጎ የተነጠፈ አልጋ ስታይ፣ «ተቀይሯል» ብላ እየፈረመች ትወጣ ነበር። እማዬ በሠራችበት ሆቴል አንሶላ የሚቀየረው እንግዳው ሲለቅ ስለሆነ፣ ነገሩ በሐሳቧም አልመጣም።

«ምን እያለቻት ነው?» አለች እማዬ።

«ከዛሬ ጀምሮ እንዳትመጪ ነው የምትላት።»

ሊፍቱ ተከፈተ። እማዬ አልገባችም።

«እኔ ነኝ ያሳሳትኳት፤ ንገሪልኝ።»

«እማዬ፣ አውሮፕላኑ!»

«ይሂድ።»

ድምጿን ከፍ አላደረገችም። እኔ ግን እናቴን እንዲህ ቆርጣ አይቻት አላውቅም፤ ሻንጣውን ቁጭ አደረግሁ።

አዛዧ ገብታ በተሰባበረ ቋንቋ ለማስረዳት ሞከረች። ተቆጣጣሪዋ እንግዶቹ አዝነውላት ነው ብላ ራሷን ነቀነቀች። ይኼኔ እማዬ ቦርሳዋን ለእኔ ሰጥታ እጅጌዋን ሰበሰበች። አሮጌውን አንሶላ ገፈፈችው፣ በር ላይ ከቆመው የጽዳት ጋሪ ንጹሕ አንስታ አራገፈች። ሠራተኛዋ ቀና ብላ አየቻትና ሳትጠራ መጥታ ሌላውን ጫፍ ያዘች። ዘረጉት፣ ከፍራሹ ሥር ሸጎጡት፣ ማዕዘኑን አጠፉት፣ በመዳፋቸው ዳበሱት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። በጠቅላላው ጉብኝት እንደዚያ ያማረ ነገር አላየሁም።

«እናቴ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራችው ይህንኑ ነው» አለች አዛዧ ለተቆጣጣሪዋ።

ተቆጣጣሪዋ የታጠፈውን ማዕዘን አየች፤ እማዬን አየች፤ ብዕር አውጥታ ወረቀቱ ላይ «ትባረር» ብላ የጻፈችውን ሰረዘች። እማዬ ግን «በደንብ መሰረዙን እይልኝ» ብላ አዛዧን ወረቀቱን ሳታስነብብ ንቅንቅ አላለችም።

አውሮፕላኑ ጥሎን ሄደ። የሚቀጥለው ከሰባት ሰዓት በኋላ ነው። አየር ማረፊያው ወንበር ላይ ተደርድረን ስንቀመጥ፣ ፕሮግራሟ የተበላሸባት አዛዧ ብዙ ካኮረፈች በኋላ ተነፈሰች።

«ደርሰን ደብዳቤ ብንጽፍላት አይበቃም ነበር?»

«ደብዳቤው እስኪደርስ ምን ትበላለች?» አለች እማዬ። ቀጥላም ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ ሁሉ ቀስ ብላ ነገረችን። «አንዴ አንድ እንግዳ የራስጌውን ሰዓት ከዕቃው ጋር ቀላቅሎት ወጣ። እኔ ሰረቅሁ ተባለ፣ ተባረርኩ። ስጠየቅ ሰውየው በር ላይ ታክሲ እየጠበቀ ነበር። ጩኸቱን ሰምቶ ዞሮ አይቶኛል። ሻንጣዬን ልፈትሽ ቢል እኮ አለቀ፤ ቸኮለ መሰለኝ። ከአራት ወር በኋላ ሰዓቱን በሰው ላከው፣ እኔንም መለሱኝ።»

«መቼ ነው ይሄ?» አልኳት።

«አንተ አንደኛ ክፍል፣ እሷ አራተኛ። ረጅም እረፍት ሰጡኝ ያልኳችሁ ጊዜ ነዋ።»

እኔና አዛዧ ተያየን። ያንን ጊዜ እንዴት እንረሳዋለን! ከትምህርት ቤት ስንወጣ እማዬ በር ላይ ቆማ የምትጠብቀንበት፣ መንገዱን ሁሉ ተረት እያወራችልን የምንሄድበት፣ ምሳችንን ከእሷ ጋር የምንበላበት ጊዜ ነበር። በልጅነትህ ደስ ያለህ መቼ ነው ብትሉኝ እስከ ዛሬ የምጠራው እነዚያን አራት ወራት ነው።

አዛዧ እናቷ ጉያ ውስጥ ገብታ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች።

«ምነው የኔ ልጅ? አለፈ እኮ» ትላታለች እማዬ፣ ጀርባዋን እየደባበሰች።

አዛዧ ልትነግራት አልቻለችም፤ እኔም አልቻልኩም። ያን ጊዜ እኔና እሷ አንድ ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፋፍነን፣ እማዬን ወደ ሥራዋ እንዳይመልሷት ማታ ማታ እንጸልይ ነበር።